«ጨጓራ ነው» ከማለታችን በፊት

(በጤና ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በጽሑፍ ስለጠየቃችሁኝ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

ሰላም ለሁላችሁ! እንደምን አረፈዳችሁ? ውድ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ተማሪዎች፣ አብራችሁ የመጣችሁ ቤተሰቦችም እንኳን ደህና መጣችሁ። የቅዳሜ ጠዋታችሁን ሰጥታችሁ ስለ ደም ማስመለስ ልትሰሙ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ዘመድ የሌለው ማነው? እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም የለም። እኛ ጋ ከደረት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። ተልባ ይጠጣል። አብሽ ይጠጣል። ከዚያ ከፋርማሲ ኦሚፕራዞል ይገዛል። ደም ያስመለሰ ሰው ሲመጣም የመጀመሪያው ቃላችን ያው ነው፦ «ጨጓራው ደምቶ ነው»።

ብዙ ጊዜ ልክ ነን። ከላይኛው የምግብ መስመር የሚፈሰው ደም አብዛኛው ከጨጓራ ወይም ከዱዮዲነም (ከጨጓራ ቀጥሎ ካለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ቁስለት ነው። አለዚያም ጉበታቸው በታመመ ሰዎች የምግብ ቧንቧ ውስጥ ካበጡ የደም ሥሮች ነው። ይህን ታውቃላችሁ። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ሌሎቹ ልነግራችሁ ነው። ቁስለት ስለሌለባቸው። ችግሩ ከደም ሥሩ ከራሱ ስለሆነባቸው። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ስንስታቸው ግን ይሞታሉ።

እነዚህን ሕመምተኞች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። እሱን ያዙልኝ፣ ሌላው ቢረሳም ግድ የለም። የብዙዎቹ ደም መጀመሪያ ላይ በራሱ ይቆማል። ይቆማል! ሰውየው ይነሳል፣ ይራመዳል፣ ሾርባ ይጠጣል። ቤተሰብ እፎይ ይላል። አልጋ የለም፣ ተረኛው ደክሞታል፣ «እንግዲህ ከቆመለት ወደ ቤቱ ይሂድ» ይባላል። በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ ግን ጊዜ አይሰጥም።

አራት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ጨጓራ ውስጥ ስለተደበቀች አርተሪ (ደም ከልብ የሚያመጣ የደም ሥር)። ሁለተኛ፣ ስለ ትልቁ የደም ሥር፣ ስለ አኦርታ። ሦስተኛ፣ ስለ ደም መልስ ሥሮች፤ እዚያ ላይ ቢልሃርዝያ ስላለ ትንሽ እረዝማለሁ፣ ታገሱኝ። አራተኛ፣ ስለ ሕክምናው።

ወደ አንደኛው ልግባ። ዲዩላፎይ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 ደም አስመልሰው ስለሞቱ ሰዎች ጻፈ። ጨጓራቸው ሲታይ ትልቅ ቁስለት የለም። ያለችው ትንሽዬ የተላጠች ቦታ ናት። እዚያች ቦታ ላይ ግን የተከፈተ አርተሪ አለ። ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1884 ጋላር የሚባል ሌላ ፈረንሳዊም ይህንኑ ጽፎ ነበር። በሽታው የሚጠራው ግን በዲዩላፎይ ስም ነው። እሱ የቁስለት መጀመሪያ መስሎት ነበር። ዛሬ እንደዚያ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ታዲያ ምንድን ነው? ጤነኛ አርተሪ ወደ ጨጓራ ግድግዳ ሲገባ እየተከፋፈለ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። ውስጠኛው ሽፋን ጋ ሲደርስ በዓይን አይለይም። በነዚህ ሰዎች ላይ ግን አርተሪው አይቀጥንም። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ይዞ ሽፋኑ ሥር ይደርሳል፤ ከሚገባው ወደ አሥር እጥፍ ይወፍራል። የከተማው ዋና የውሃ መስመር ሳይጠብ በቀጥታ ቤታችሁ ቧንቧ ላይ ቢገጠም ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ከላይ ያለችው ስስ ሽፋን አንድ ቀን ትላጣለች። ደሙ በግፊት ይወጣል። የሰውየው የደም ግፊት ሲወርድ ይረጋና ይደፈናል። ግፊቱ ሲመለስ እንደገና ይከፈታል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከጨጓራው የላይኛው ክፍል፣ የምግብ ቧንቧ ከሚገባበት በ6 ሴንቲ ሜትር ክልል ውስጥ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የግፊት ሕመም ያለባቸው፣ አስፕሪን የሚወስዱ ላይ ይበዛል። ሕመም የለውም። ደግሜ ልበለው፣ ሕመም የለውም! ሆዱን አሞት የማያውቅ ሰው በድንገት ትኩስ ደም ካስመለሰ ይህ ትዝ ይበላችሁ።

አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር አስታውሳለሁ። በየከተማው ደም አስመልሶ በየከተማው ታክሟል። ወረቀቶቹን በፌስታል ይዞ መጣ። ኢንዶስኮፒም (በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚደረግ ምርመራ) ተደርጎለታል፤ ውጤቱ «ምንም የለም» ይላል። ጓደኞቹ ጫት አቁም ብለውት አቁሟል። በርበሬ ተው ተብሎ ትቷል። ሚስቱ ደግሞ አጥሚት ብቻ ነበር የምታበላው። እኛ ጋ ሲደርስ ቆሞለት ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ሐኪም «አናሰናብተው፣ እዚሁ ሆኖ እስኪደማ እንጠብቀው» አለ። ሌሊት ላይ ደማ። ወዲያው አስገባነው፤ ጨጓራውን አጥበን ስናይ ከንጹሕ ሽፋን መሃል ቀጭን የደም ጅረት ሽቅብ ይረጫል። ዙሪያው ቁስል የለ፣ ብግነት የለ። የደም ሥሩን ቆንጥጦ የሚይዝ ክሊፕ አደረግንለት። ሰውየው ሲነቃ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አሁን ሽሮ መብላት እችላለሁ?» ይችላል ወይ? ድሮም ይችል ነበር። ምግብ አልነበረም የጎዳው።

ከዚህ ታሪክ የምፈልገው አንዲት ነጥብ ናት። ደሙ ቆሞ የተደረገ ኢንዶስኮፒ «ምንም የለም» ካለ፣ ያ መልስ የዚያች ሰዓት መልስ ነው። ይደገም። ከተቻለ ሲደማ ይደገም። ሲገኝ ደግሞ አድሬናሊን ብቻ ወግታችሁ አትውጡ፤ ተመልሶ ይደማል። በክሊፕ መያዝ፣ በላስቲክ ቀለበት ማሰር፣ ወይም አድሬናሊኑን በሙቀት ከማድረቅ ጋር ማጣመር ነው ዘላቂው። ድሮ ቀዶ ሐኪም ሆድ ከፍቶ በጭፍን ይፈልገው ነበር። ዛሬ አብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል።

ሁለተኛው አኦርታ ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አኦርታ ከልብ ወጥቶ ወደ ታች ሲወርድ ከምግብ ቧንቧ ጋር ይጎራበታል፤ ሆድ ውስጥ ደግሞ ከዱዮዲነም ጋር። በሁለቱ መሃል ያለው ግድግዳ ከተበላ ቀዳዳ ይከፈታል። ምን ይበላዋል? ያበጠ አኦርታ ሊሆን ይችላል። በፊት በቀዶ ሕክምና የገባ ሰው ሠራሽ የደም ሥር ሊሆን ይችላል። ይህ ቀዶ ሕክምና እኛ ጋ ብዙ አይሠራም፣ ውጭ አገር ግን ይሠራል። ለበዓል ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጡ አባት ጥቁር ሰገራ አየሁ ቢሏችሁ ልብሳቸውን ገልጣችሁ ሆዳቸውን እዩ። ረጅም ጠባሳ አለ? «አባባ፣ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል?» በሏቸው። አዎ ካሉ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ይህ ነው ብላችሁ ተነሱ።

የመጀመሪያው ደም ትንሽ ነው። መልእክተኛ ነው። ከዚያ ሰዓታት፣ አንዳንዴ ቀናት ዝም ይላል። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን የሚያቆም የለም። ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ዱዮዲነም ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ላይ ስለሚሆን የተለመደው ኢንዶስኮፒ ላይደርስበት ይችላል። ደርሶ የረጋ ደም ቢያይም መነካካት የለበትም። ፈጣኑ መንገድ የደም ሥር ሲቲ ስካን ነው። መፍትሔው ደግሞ ቀዶ ሕክምና ወይም በደም ሥር ውስጥ የሚገባ ስቴንት (ቀዳዳውን ከውስጥ የሚሸፍን ቱቦ) ነው።

አሁን ወላጆች ስሙኝ። በተለይ እናንተን ነው። ያቺ የሪሞት፣ የመጫወቻ፣ የሚዛን ክብ ባትሪ! ሕፃን ሲውጣት ጉሮሮው ላይ ትቀረቀራለች። ጉዳቱ ከባትሪው ውስጥ በሚፈስ ነገር ብቻ የሚመጣ አይምሰላችሁ። ባትሪዋ እርጥብ ሥጋ ላይ ስታርፍ ኤሌክትሪክ ታስተላልፋለች፤ በዚያ የተነሳ የሚፈጠረው ኬሚካል ሥጋውን ያቃጥላል። በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ጉዳት ታደርሳለች። ቃጠሎው ወደ አኦርታ ሊዘልቅ ይችላል፤ ባትሪዋ ከወጣች በኋላም ቢሆን ለቀናት፣ ለሳምንታት ይቀጥላል።

አንዲት እናት ልጇን ይዛ አንድ ጤና ተቋም ሄደች። ራጅ ተነሳ። «ሳንቲም ነው፣ ከሰገራ ጋር ይወጣል» ተባለች። እሷ ግን ቤቷ ገብታ ሪሞቱን ከፈተችው። ባዶ ነው። ልጁን አዝላ ወደ እኛ መጣች፤ ካርድ ሳታወጣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ገባች። ራጁን ብርሃን ላይ ስናየው ጠርዙ ድርብ ክብ ነው። ሳንቲም ድርብ ክብ የለውም። ባትሪዋ ወጣች። እናትየው «ከአሁን በኋላ ጠብታ ደም ካየሽ በሌሊትም ቢሆን ነይ» ተባለች። ከቀናት በኋላ አንሶላው ላይ ጠብታ አየች። መጣች። ልጁ ተኝቶ ክትትል ተደረገለት፣ ቀዶ ሐኪሞች ተጠሩ፣ ተረፈ። ያቺን እናት አከብራታለሁ። ሪሞት ከፍታ ማየቷ ከብዙ ምርመራ በልጧል።

ልጁ ዓመት ካለፈው፣ ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ መዋጥም ከቻለ፣ ወደ ሐኪም ቤት እየሄዳችሁ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር ስጡት፤ ከስድስት ጊዜ ግን አይለፍ። ቃጠሎውን ያዘገየዋል። ማር ቤት ከሌለ ግን ልትገዙ አትሂዱ። መንገዱ ይቅደም። ዓመት ላልሞላው ማር አይሰጥም።

የዓሣ አጥንትም እንዲሁ ነው። በጾም ዓሣ እንበላለን። አጥንት ወግቶት ደረቱን የሚያመው ሰው፣ ከቀናት በኋላ ትንሽ ደም ካስመለሰ፣ ዳቦ ጎርሰህ አውርደው ብላችሁ አትሸኙት።

ሦስተኛው የደም መልስ ሥሮች ናቸው። እኔ ያደግሁት ጣና ዳር ነው። ክረምት ከበጋ ውሃ ውስጥ ነን። እንዋኛለን፣ ከብት እናጠጣለን፣ ልብስ እናጥባለን። በልጅነቴ ሠፈራችን አንድ ወጣት ዓሣ አስጋሪ ነበር። ጠንካራ ልጅ ነው፤ ሆዱ ግን በግራ በኩል ገፋ ያለ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ቤት ጠላ ጠጥቶ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ደም አስመለሰ። በዚያው ሞተ። ሠፈሩ ምን አለ? «መርዝ አጠጡት»። ጠላውን የቀዱት እናት ከዚያ ቀን በኋላ ሰው አላገኙም። ሁለቱ ቤተሰቦች ለቅሶ እንኳ ሳይደራረሱ ዓመታት አለፉ።

ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቼ ስለ ጉበት ቢልሃርዝያ ሲያስተምሩን ያ ልጅ ፊቴ ድቅን አለ። ግራ ሆዱ። ጣፊያው! በምን እንደሞተ ዛሬ ማረጋገጥ አይቻልም። ግን ሐይቅ ዳር ያደገ፣ ጣፊያው ያበጠ፣ ዓይኑ ቢጫ ያልሆነ፣ ደህና ሲሠራ የዋለ ወጣት በድንገት ደም ሲያስመልስ፣ ከመርዝ በፊት የሚታሰብ ነገር አለ።

ቢልሃርዝያ ከውሃ በቆዳ ይገባል። ትሎቹ ከአንጀት ወደ ጉበት በሚወስዱት የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ። ከእንቁላሎቹ ከፊሉ ጉበት ውስጥ ይቀራል። በዙሪያው ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳው የደም መንገዱን ይዘጋል። ደሙ መሄጃ ሲያጣ ጣፊያ ያብጣል፣ የምግብ ቧንቧና የጨጓራ ደም ሥሮች ያብጣሉ። ጉበቱ ራሱ ግን ሥራውን አላቆመም! ለዚህ ነው የሚያታልለን። የጉበት ምርመራው ደህና ሊሆን ይችላል። አልትራሳውንድ ግን ጠባሳውን ያሳያል። ጥሩው ዜና፣ ጉበታቸው ስለሚሠራ በወቅቱ ከደረስንላቸው ከሌላው የጉበት ሕመምተኛ በተሻለ ይተርፋሉ። የደም ሥሮቹ በላስቲክ ቀለበት ይታሰራሉ፣ እንዳይደገም ፕሮፕራኖሎል ይሰጣል፣ ለትሉ ፕራዚኳንተል። ፕራዚኳንተል ትሉን ይገድላል እንጂ ያበጠውን የደም ሥር አይመልስም። ስለዚህ ልጆች ሳሉ፣ ጠባሳው ሳይሠራ መስጠት ነው። ትምህርት ቤት ክኒኑ ሲመጣ ልጆቻችሁን አታስቀሩ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ነበሩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ በታች፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶቻችን ለዘመናት ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ ሆኖ ተገኘ! ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ደከሙበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ተማሪዎች፣ ይህን ታሪክ ፈልጋችሁ አንብቡ። ኩራት ይሰማችኋል።

ጉበቱ ጤነኛ ሆኖ የጨጓራው ደም ሥር ብቻ ያበጠ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ቆሽቱን ጠይቁ። የቆሽት ብግነት ወይም ዕጢ ከጣፊያ የሚመጣውን የደም ሥር ሊዘጋው ይችላል። ለዚህኛው ጣፊያን ማውጣት ፈውስ ነው።

ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ ሌሎቹን በሩጫ ልለፍ። አደጋ ደርሶበት ጉበቱ የተጎዳ፣ ወይም ከጉበቱ ናሙና የተወሰደለት ሰው ከሳምንታት በኋላ ቀኝ ጎኑን ካመመው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሰገራው ከጠቆረ፣ ደሙ በሐሞት ቱቦ እየወረደ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ሦስቱም ምልክቶች አብረው ባይመጡም ጠርጥሩ። በዕድሜ የገፉ እናት፣ ብረት ክኒን እየዋጡ ደማቸው አልሞላ ካለ፣ የጨጓራቸው መውጫ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ተሰልፈው ይሆናል፤ እነሱን በአርጎን ጋዝ ማድረቅ ይቻላል። ነስር የሚደጋግመው፣ ቤተሰቡም የሚነስረው፣ ከንፈሩ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ያለው ሰው ከጨጓራውም ሊደማ ይችላል። ከንፈር ማየት ምንም ወጪ የለውም።

አራተኛው፣ ሕክምናው። ምክንያቱ ምንም ይሁን መጀመሪያ ሰውየውን አድኑ። ሁለት ወፍራም የደም ሥር መስመር ክፈቱ፣ ፈሳሽ ስጡ፣ የደም ዓይነቱን አስመርምሩ። ደም መቼ ይሰጥ? እ.ኤ.አ. በ2013 ከባርሴሎና 921 ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ወጥቷል። ሄሞግሎቢናቸው (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) በዴሲ ሊትር ከ7 ግራም በታች ሲሆን ብቻ ደም ከተሰጣቸው 95 በመቶው በ6 ሳምንት በሕይወት ነበሩ። ከ9 በታች ሲሆን ከተሰጣቸው ደግሞ 91 በመቶው። ብዙ ደም መስጠት በተለይ ጉበታቸው ለታመመ ግፊቱን ከፍ አድርጎ እንደገና ያደማል። ለእኛ፣ ቤተሰብ ደም ለጋሽ ፍለጋ ሲሯሯጥ ለምናይ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ ይህ ዓይናችሁ እያየ ደሙ እየፈሰሰ ላለ ሰው አይሠራም፤ ለእሱ ቁጥር አትጠብቁ። የልብ ሕመም ላለበትም ከ7 ከፍ ባለ ቁጥር ላይ ይጀመራል።

ደም እንዲረጋ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድስ? ብዙዎቻችን በልማድ እንሰጠዋለን። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ12,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሞትን አልቀነሰም፤ በደም መልስ ሥሮች ውስጥ የደም መርጋትን ግን ጨምሯል። ተዉት።

ኢንዶስኮፒ ሰውየው ከተረጋጋ በኋላ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ። ከዚያ በፊት ኤሪትሮማይሲን 250 ሚሊ ግራም በደም ሥር ብትሰጡ ጨጓራው ባዶ ሆኖ ይታያል። በኢንዶስኮፒ የማይያዘውን አርተሪ በደም ሥር በኩል ገብቶ መድፈን ይቻላል። በአገራችን ይህን የሚሠሩ ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ለዚህ ነው ጊዜ የሚያስፈልገን። ጊዜ የምናገኘው ደግሞ ደሙ በቆመባት ክፍተት ውስጥ ነው! ሪፈር የሚጻፈው ያኔ ነው።

ወረቀቱ ላይ «የጨጓራ መድማት» ብቻ ብላችሁ አትላኩልን። ስንት ጊዜ ደማ? በመሃል ስንት ቀን ቆመ? ሕመም ነበረው? ጠባሳ አለው? ጣፊያው ይዳሰሳል? ያደገው የት ነው? ምን ውጦ ነበር? እነዚህን ጻፉልን። ስልክ ቁጥራችሁንም ጨምሩበት፤ ሌሊት እንደውልላችኋለን።

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ከተቀመጡት ነርሶች እንጀምር።